ግሼ ልጄን የጠየቀችበት ሳምንት

ይህን የምጽፈው ለሸዋሮቢት ሰዎች ነው። እኛ ቆለኞች ደጋውን የምናውቀው ከታች ሆነን ሽቅብ በማየት ነው። ተራራው ላይ ደመና ሲቋጥር "ዛሬ ላይ ቤቶችን ብርድ ሊፈጃቸው ነው" እንልና ወደ ሽንኩርታችን እንመለሳለን። እኔም ይኸው ጸጉሬ እስኪሸብት ከጣርማበር ወደ መንዝ ታጥፌ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ሄጄ መጥቻለሁ። ጨርቅ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ሱቄ ቁጭ እያለ "እስቲ የግሼውን ንገረን" ስላስቸገረኝ፣ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብያለሁ።

ለመሄዴ ምክንያቷ ሦስተኛዋ ልጄ ሂክማ ናት። ሂክማ አዋላጅ ነርስ ናት፤ በዲግሪ ተመርቃ ከራቤል ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ራቤል የግሼ ወረዳ ከተማ ነው። እዚያ ሆና ለሕክምና ትምህርት ስትዘጋጅ ቆየች። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ተፈትኖ ካለፈ ሕክምና ገብቶ ሐኪም መሆን ይችላል። ለፈተናው ለመመዝገብ ግን የመሥሪያ ቤት የስምምነት ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ምዝገባውም ደብረ ብርሃን ላይ አርብ ይዘጋል። ቅዳሜ ዕለት ደወለችና "አባ፣ ኃላፊዬ አባትሽ ይምጡ ብሏል" አለችኝ። ስንት እናት ያዋለደች ልጅ፣ የትምህርት ቤት መስታወት እንደሰበረ ተማሪ "ወላጅ አምጪ" ስትባል ገረመኝ። ግን ነጋዴ ነኝና ወዲያው ገባኝ፤ ሰውየው ሊያስለምን ፈልጓል፣ መለመን ደግሞ እኔ አውቅበታለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ የሂክማ ብቻ አልነበረም። ከሱቄ በላይ ፎቅ ጀምሬያለሁ፣ ፌሮው ሰማይ ሰማይ እያየ ቆሟል። ክሊኒክ ነው የሚሆነው። ታፔላውን እንኳ አሠርቼ አልጋዬ ሥር አስገብቼዋለሁ፤ "የዶክተር ሂክማ ሰይድ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ፣ ሸዋሮቢት" ይላል፣ በቀይና በሰማያዊ። ልጅቷ ገና ለፈተናው አልተመዘገበችም። ባለቤቴ ዘሃራ ታፔላውን ባየች ቁጥር ራሷን እየነቀነቀች ታልፋለች።

ሰኞ

ለኃላፊው መማለጃ ይሆናል ብዬ አንድ ጆንያ ማንጎ አስጭኜ ተሳፈርኩ። የለበስኩት አጭር እጅጌ ሸሚዝ፣ የተጫማሁት ክፍት ጫማ። ዘሃራ ካፖርት ውሰድ ብትለኝ "ሰው የሚኖርበት አገር አይደለም እንዴ?" ብዬ ነበር። ደብረ ሲና ላይ እጄን አጣጠፍኩ። ጣርማበር ላይ መኪና ስቀይር ጥርሴ ሲጋጭ ይሰማኝ ጀመር።

ጓሳ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ትርፉን ጎማ ቢያወርደው እሱም ተንፍሷል፤ ረዳቱ ተሸክሞት በሌላ መኪና ሄደ፣ እኛም ሜዳው ላይ ተበተንን። እዚያ ያለው ነፋስ የእኛ ነፋስ ዘመድ አይደለም። የእኛው አቧራ ይዞ ይመጣል እንጂ ለክፉ አይሰጥም፤ ይኼኛው ሸሚዝ የሚባል ነገር መኖሩንም የሚያውቅ አይመስልም። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ ገበሬ አይተው አይተው፣ በርኖሳቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። ያ የበግ ጸጉር ካባ ነው፣ ሲለብሱት በጉ ራሱ ያቀፈዎት ይመስላል። እሳቸው በሸሚዝ ቀሩ። ብመልስላቸው "ኧረ እኔ ለምጄዋለሁ" አሉኝ፤ ከንፈራቸው ግን እየጠቆረ ነበር።

ሙቀት ሲገባኝ ዓይኔ ተከፈተና ዙሪያውን አየሁ። እስከ አድማስ ድረስ ሣር ነው፣ ጉልበት የሚያልፍ ሣር፤ ከብት የለበትም። ዝንጀሮዎቹ፣ ጭላዳ የሚሏቸው፣ ቁጭ ብለው ይግጣሉ። በእኛ አገር ይህን ያህል ሣር አንድ ሌሊት አያድርም። ገበሬውን ብጠይቃቸው ግጦሹ የተዘጋ መሆኑን ነገሩኝ፤ አገሩ ተስማምቶ ይዘጋዋል፣ ዓመታት ይጠብቀዋል፣ ሲደርስ አብሮ ይከፍተዋል፣ ለቤት ክዳንም ያጭድበታል። ጠባቂው የት አለ አልኳቸው። ሁላችንም ነን አሉኝ። ወላሂ በሆዴ ሳቅኩ። የሁሉም የሆነ ነገር ቀርቶ የራሴንም ሱቅ በሦስት ቁልፍ ነው የምዘጋው።

ጎማው ተጠግኖ መጥቶ መሐል ሜዳ ከተማ ስንገባ መሽቶ ነበር። ጆንያዬ ሲወርድ ግማሽ ሆኗል። ጣራው ላይ የተጫነ በግ ገሚሱን ተኝቶበት ገሚሱን በልቶታል። የበጉ ባለቤት በጣም ተጨነቀ፤ ለካ የሚጨነቀው ለበጉ ሆድ ነው። "ይኼ ፍሬ እንዳይነፋው" እያለ ሆዱን ያሽለት ጀመር፣ እኔም ምን ልበል፣ አይነፋውም ብዬ አጽናናሁት።

የማደሪያ ቤቱ ባለቤት ክርስቲያን ሴትዮ ናቸው። ለማታው ሰላት ውዱእ ሳደርግ ውሃው እግሬ ላይ ሲያርፍ ጮኬ ኖሯል። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሬን ስከፍት ደጃፉ ላይ ትኩስ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማን አስቀመጠው ብዬ ብጠይቅ ሴትዮዋ ፊታቸውን አዙረው ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ።

ማክሰኞ

ራቤል የደረስኩት ከሰዓት ነው። ሂክማን ከስታ፣ ፊቷን ብርድ አጥቁሮት አገኘኋት። የምትኖረው እማማ አስካለ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ ተከራይታ ነው። እማማ አስካለ ገና ሰላምታው ሳያልቅ እጄን ይዘው ጓዳ አስገቡኝና አንድ ድስት አሳዩኝ። "ይቺ የሂክማ ናት" አሉኝ። ልጄ የገባች ዕለት የገዟት ድስት ናት፤ የክርስቲያን ሥጋ ነክቷት አያውቅም፣ ለብቻዋ ትታጠባለች፣ ለብቻዋ ትሰቀላለች። አንዴ ጎረቤት ልትዋስ ብትመጣ እማማ አስካለ ተቆጥተው መልሰዋታል። የእኔ ቤት ድስት እንኳ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም።

የሂክማ ክፍል ውስጥ ስገባ ደግሞ ሌላ ጉድ። ደጋ ሰው ነፋስ እንዳይገባበት ግድግዳውን ጋዜጣ ይለጥፋል፤ የእኔ ልጅ የለጠፈችው የራሷን ጥናት ነው። ከወለል እስከ ጣራ በእጅ የተጻፈ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ። በሩ ላይ ደም ሥር፣ መስኮቱ ሥር አጥንት። አልጋዋን ለእኔ ለቃ እማማ አስካለ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ከራስጌዬ ያለውን የኩላሊት አሠራር እያነበብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከኩላሊቱ በኩል ንፋስ ይገባ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ኃላፊውን አግኝቼዋለሁ። ለስላሳ ወጣት ነው። ከበግ የተረፈውን ማንጎዬን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ስለ ቆላው ሙቀት ጠየቀኝ። ስለ ደብዳቤው ሳነሳ "ጋሽ ሰይድ፣ ነገ ጠዋት ቤት ይጠብቁ፣ ሰዎች ይመጣሉ" አለኝ። ሌላ ነገር ሊወጣው አልቻለም። ዋጋ ሊቆልል ነው ብዬ ሳሰላ አመሸሁ።

ረቡዕ

ሽማግሌዎች መጡ። በርኖስ የደረቡ፣ ዘንግ የያዙ፣ እኩል የሚራመዱ ሰዎች። ግቡ ቢባሉ ገቡ፣ ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። እንዲህ ያለ አቋቋም የት እንዳየሁ ወዲያው ትዝ አለኝ፤ ሁለቱን ታላላቅ ሴት ልጆቼን ለትዳር ለመጠየቅ የመጡት ሰዎች እንዲህ ነው የቆሙት። ሂክማ ከመጋረጃው ኋላ ተሰወረች።

ከሁሉ ሸምገል ያሉት፣ አባባ ወልደሰንበት ይባላሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አቶ ሰይድ፣ ሽማግሌ ወደ ሴቷ ቤት ይሄዳል እንጂ የሴቷ አባት ወደ ሽማግሌ አይጠራም። ነውር ሠርተናል። ጉልበታችን ቆላ ወርዶ የሚመለስ ባለመሆኑ ነውና ይቅር ይበሉን። የመጣነው ልጅዎን ለአገራችን ልንጠይቅ ነው። ትሂድ፣ ትማር፣ ሐኪም ትሁን። ስትጨርስ ግን ወደ እኛ ትመለስልን። ቃልዎን ይስጡን።"

እስካሁን ለሴት ልጅ የተላከብኝ ሽማግሌ ሁሉ ከጀርባው አንድ አማች ነበረው። ይኼኛው ከጀርባው ያለው አንድ ወረዳ ነው። ፎቄ፣ ፌሮዬ፣ ታፔላዬ በዓይኔ ላይ ዞሩ። እምቢ እንዳልል እንግዳ ነኝ፣ ደብዳቤውም አልተጻፈም። እሺ እንዳልል ደግሞ የፎቁ ነገር አለ! ይህን ሁሉ ሳስብ ምላሴ ልማድ ይዞት ቀድሞኝ ተናገረ። "መልካም፤ ከዘመድ ልማከርና ሌላ ቀን ተመለሱ" አልኩ። ለሁለቱ ልጆቼ ያልኩት ነው፣ የሴት አባት ሁሉ የሚለው ነው።

አባባ ወልደሰንበት ደስ አላቸው። የጨዋ መልስ ነው፣ በአሥራ አምስት ቀን እንመለሳለን ብለው፣ መርቀው ወጡ።

ሂክማ ከመጋረጃው ወጣች። "አባ፣ አርብ እኮ ከነገ ወዲያ ነው" አለችኝ።

ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። ራቤል ላይ መሮጥ ለቆለኛ አይመከርም፣ ሦስት እርምጃ ሄጄ ትንፋሼ ከዳኝ። ሽማግሌ የያዘውን ነገር እኔ እንዴት አቋርጣለሁ አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ያን ጊዜ ኀፍረት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሳቁን እየዋጠ ኖሯል።

ከዘመድ ልማከር ብያለሁና ዘመድ ፍለጋ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወጣሁ፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነው። ለዘሃራ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና ልጅቷስ ምን ትላለች አለችኝ። የሴት ልጅ ሐሳብ ሽማግሌ ፊት መቼ ተጠይቆ ያውቃል አልኳት። "አዎ፣ እኔንም አልጠየቁኝም። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ አንተን ተሸክሜ" አለችና ደንበኛ መጣ ብላ ዘጋችው።

እሺ ብዬ ሂክማን ጠየቅኳት። ድስቷን እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል "አንተ እንዳልክ አባ" አለች። ይህች ልጅ ስለ ጫማ ቀለም እንኳ "አንተ እንዳልክ" ብላኝ አታውቅም። መጠርጠር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ግን ልጄ ጨዋ ሆነች ብዬ ኮራሁ።

ሐሙስ

ራቤል ላይ ኑሩ የሚባል የእኛው ወገን አለ፣ ልብስ ይሸጣል። እሱን በማለዳ አስነስቼ ሽማግሌዎቹን መልሰህ ጥራልኝ አልኩት። የሴት አባት ሰው ልኮ ሽማግሌ ሲያስጠራ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አይታወቅም አሉ፤ ግሼ ላይ የጀመርኩት እኔ ሆንኩ።

መጡ፣ እንደገና ቆሙ። እኔም ነጋዴነቴን ተሸክሜ ቀረብኩ። ትምህርቱ ዓመታት የሚፈጅ መሆኑን፣ እስከዚያ ማን ሞቶ ማን እንደሚቀር የማይታወቅ መሆኑን፣ ሰው ደግሞ ረሺ መሆኑን አስረዳሁ። አሁን በሞቀ ልብ ትጠይቁኛላችሁ፣ ቆይታችሁ ትረሷታላችሁ አልኳቸው።

"ጓሳን አይተዋል?" አሉኝ አባባ ወልደሰንበት።

አይቻለሁ አልኩ።

"እሱን ዘግተን እንጠብቅ የለ? እሷንም እንጠብቃለን።"

ያ በሆዴ የሳቅኩበት ሣር መልሶ አፌን ዘጋኝ። ግን እጅ አልሰጠሁም። መንግሥት ሐኪም ይመድባል፣ ለምን የእኔን ልጅ፣ አልኳቸው። እዚህ ላይ ሽማግሌው ዘንጋቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

"ልጄ በምጥ ተያዘች። ሂክማ የምትችለውን ሁሉ አድርጋ፣ ይኼ ሐኪም የሚፈልግ ነው አለችን። መኪና ተገኘ፣ ይዘናት ወረድን፤ ጓሳ ላይ ስንደርስ አለፈች። ልጅዎ እጇን እንደያዘች ነበረች። ለቅሶውንም ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ከለቅሶው ስትመለስ ነው ግድግዳዋ ላይ ያንን ወረቀት መለጠፍ የጀመረችው። የመንግሥትን አልጠላንም አቶ ሰይድ። እኛ ግን የምናውቃት እሷን ነው።"

ይህን ልጄ አንድም ቀን አልነገረችኝም። በስልክ "ሰላም ነው አባ፣ ብርዱ ብቻ" ነበር የምትለኝ። የተኛሁበትን ክፍል አሰብኩ፤ እኔ ወረቀቱ የነፋስ መከላከያ መስሎኝ ነበር። መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀ፣ ከኋላው ማንም አልወጣም።

"ሰጥቻለሁ" አልኩ። ከዚያ የሴት አባት ነኝና ቅድመ ሁኔታዬን ደረደርኩ። ለዒድ ቆላ ትወርዳለች፣ መኪና ቢጠፋ በበቅሎ ትሸኛላችሁ። የእማማ አስካለ ድስትም እስክትመለስ ለማንም አይሰጥም። በሁለቱም ተስማሙ፤ በድስቱማ እማማ አስካለ ሊጠየቁም የሚገባ ነገር አልመሰላቸውም።

ያን ጊዜ ተቀመጡ። ለእኔ ክብር ጠቦት አምጥተዋል፤ እንድበላውም አስበው በኑሩ እጅ አሳርደውታል። ጥሩ አሰቡ። የረሱት፣ ሙስሊም ያረደውን እነሱ የማይበሉ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በተጠየቀችው ልጅ ድግስ ላይ ሽሮ ከበው፣ እኔና ኑሩ ከሂክማ ጋር ሙሉ ጠቦት ፊታችን ተቀምጦ ቀረን። "ብሉ እንጂ፣ ብሉ" ይሉናል፣ ዓይናቸው ጎድኑን እየተከተለ። እንደዚያ ቀን ሥጋ እያፈርኩ በልቼ አላውቅም፣ ግን በልቻለሁ።

ሲነሱ አንድ ባና አመጡ። ባና የመንዝ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፣ ሲሸከሙት ወገብ ያጎብጣል። አባባ ወልደሰንበት ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው "ጥሎሽ ነው፣ ለሴቷ አባት" አሉኝ። አብሯቸው የመጣው ኃላፊም ከኪሱ ደብዳቤውን አውጥቶ ለሂክማ ሰጣት፣ ወዲያው ወደ መሐል ሜዳ ተሳፈርን።

አርብ

ከመሐል ሜዳ ማልደን ወጣን። ባናውን ሁለታችንም ደርበነዋል። ጓሳ ላይ ስንደርስ ሂክማ አንድ ቦታ በመስኮት አየች፣ መኪናው አልፎትም አንገቷን አዙራ ስታይ ቆየች።

ጣርማበር ልንደርስ ስንል "አባ" አለችኝ። "ደብዳቤው ሰኞ ነው የተፈረመው።"

አልገባኝም።

"አንተ ገና ሳትመጣ ተፈርሞ ነበር። ሽማግሌዎቹን የላክኋቸው እኔ ነኝ።"

ዞሬ አየኋት። ባናውን እስከ አገጯ ስባዋለች።

"ፎቁን ጀምረሃል። ታፔላውንም እማ ነግራኛለች። ፊት ለፊት እምቢ ልልህ አልቻልኩም። ያላንተ ቃልም መሄድ አልፈለግኩም። አባባ ወልደሰንበትን ለመንኳቸው። አሥራ አምስት ቀን ሲሉህ ግን ነፍሴ ልትወጣ ነበር።"

ሰው በልጁ ሠርግ ላይ ሊያለቅስ ይችላል፣ ነውር የለውም። በልጁ ሽማግሌ ላይ፣ ላኪዋ ራሷ ልጁ በሆነች ሽማግሌ ላይ ምን እንደሚደረግ የነገረኝ የለም። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ኃላፊው መሬት መሬቱን ሲያይ፣ እማማ አስካለ ድስቱን ሲያሳዩኝ፣ ዘሃራ ልጅቷስ ምን ትላለች ስትለኝ ታየኝ። ከእኔና ከበጉ በቀር ያላወቀ የለም። ሳቄ መጣና ስቄ ስቄ እንባዬን በባናው ጠረግኩ። ሂክማም ሳቀች፣ ከዚያ ተደግፋኝ አለቀሰች።

ጣርማበር ላይ ተለያየን። እሷ ወደ ደብረ ብርሃን፣ እኔ ወደ ቆላዬ። ባናውን ውሰጂው ብላት እምቢ አለች፣ ጥሎሽ የአባት ነው ብላ። የምዝገባው መስኮት ሳይዘጋባት ደረሰች፣ ማታ ደወለችልኝ።

ፈተናውንም አልፋለች። አሁን ሕክምና ገብታ በመማር ላይ ናት፤ የምትኖርበት ክፍል ግድግዳ የመንግሥት ስለሆነ መለጠፍ አይቻልም አሉ። ግሼዎች ደግሞ አልረሷትም። ኑሩ ጨርቅ ሊጭን ሲመጣ የገብስ ቆሎ በከረጢት ይልኩላታል፣ እኔ ዘንድ ደርሶ ገሚሱ ያልቃል።

ባናው ሱቄ መደርደሪያ ላይ፣ ከስስ ሻሾቹ መሐል ተቀምጧል። በዚህ ሙቀት ሰው ሲያየው ያልበዋል። ዋጋ የሚጠይቁኝ አሉ፣ አይሸጥም፣ የሂክማ ጥሎሽ ነው እላለሁ። መቼ አገባች፣ ማንን ይሉኛል፤ በዚያ ምክንያት ነው ይህን ሁሉ ማውራት ውስጥ የገባሁት።

ታፔላውን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ሠዓሊው ዘንድ ወሰድኩት። "ሸዋሮቢት" የሚለውን አጥፍቶ "ራቤል" ብሎ ጻፈበት። ቀለሙ ስስ ስለሆነ የድሮው ከሥር ይታያል። ደግሜ ልቀባው ቢለኝ፣ ተወው አልኩት።